ሰሊጥ የጠጣው ካሚዮን

የናፍታ ሞተር ጠዋት ሲነሣ የሚያሰማው ማንኳኳት ዛሬም ከእንቅልፌ ያባንነኛል። ሸሕዲ ያለው ቤቴ ከመንገድ ዳር ስለሆነ ፒክአፖቹ ገና ጎሕ ሲቀድ እያሳሉ ይነሣሉ፤ እኔም አልጋዬ ላይ ቁጭ ብዬ፣ ድምፁ ከፍ ብሎ ሳይመለስ ይቀር ይሆን እያልኩ ትንፋሼን ይዤ አዳምጣለሁ። ልጆቼ በዚህ ይስቁብኛል። አልፈርድባቸውም፤ ሞተር ከሰው እጅ ወጥቶ ሲያብድ አላዩም።

በጣሊያን ጊዜ ቤታችን መተማ ዳር ነበር። አባቴ ፈንቴ ከደጋ ወርዶ እዚያ የከተመ የሰሊጥ ዘይት ጨማቂ ሲሆን፣ ግመላችን ዐይኗን በጨርቅ ተሸፍና መጭመቂያውን ስትዞር ትውልና ዘይቱ ጠብ ጠብ እያለ ማሰሮው ውስጥ ይጠራቀም ነበር። አባቴ ግመሊቱን ለሥራ ከማውጣቱ በፊት ጠጥታ ጠጥታ አፏን ራሷ እስክታነሣ ድረስ ውሃ ያቀርብላት ነበር፤ ለሚደክም እንስሳ መሰሰት ለእሱ ትልቅ ነውር ነበር። ጎረቤቶቻችንም ሁሉ እንዲሁ ያደርጉ ስለነበር ማንም ልዩ ነገር ብሎ አያየውም።

በጋ ሲሆን መንገዱ ይደርቅና የጣሊያኖቹ ካሚዮኖች ከጎንደር ይወርዱ ነበር። ከነዚያ የአንዱ ሹፌር የእናቴ ታናሽ ወንድም አጎቴ ማሩ ነበር፤ ጭነቱን አራግፎ ሲያበቃ ካሚዮኑን ደጃችን ያለው ሮቃ ዛፍ ሥር ያቆምና፣ ገና ውሃ ሳይጠጣ የሞተሩን ክዳን ከፍቶ ስሞታውን ይጀምር ነበር። ደጋ ላይ በብርዱ አልነሣ ብሎት ከሥሩ እሳት አንድዶ እንዳሞቀው፣ ቆላ ሲወርድ ደግሞ ውሃው ፈልቶ በየወንዙ እንዳስቆመው፣ አቧራው ማጣሪያውን ደፍኖት እንዳፈነው፣ በናፍታው ቧንቧ አየር ገብቶበት ዳገት መካከል ቀጥ እንዳለበት ያወራልን ነበር። «ከሚስት የባሰ አመል አለው» ሲል፣ እናቴ «አንተ ደግሞ ሳታገባ የሚስትን አመል ከየት አወቅኸው?» እያለች ታፌዝበት ነበር። ሳቋ ከግቢ አልፎ ይሰማ ነበር።

ክረምት ሲገባ መንገዱ ጥቁር ጭቃ ይሆንና ካሚዮኑ ደጃችን ታስሮ ይከርም ነበር። በርሜሉ ውስጥ ውሃ ስለሚገባ አጎቴ ናፍታውን በእናቴ አሮጌ ነጠላ እያጠለለ፣ ውሃው ከታች ሲቀር እያሳየኝ፣ ይህ ጠብታ ሞተሩ ቢገባ እንደሚያንቀው ይነግረኝ ነበር። ያን ያህል ቢያማርርም ታዲያ ሌላ ሰው ካሚዮኑን ሲያማበት አይወድም። «አመለኛ ነው እንጂ ከዳተኛ አይደለም፤ ንጹሕ ነገር ካጠጣኸው አይጥልህም» ይል ነበር። እኔም አምኜው ነበር፤ ሁላችንም አምነነው ነበር።

ከዚያ አንድ ዓመት የሰሊጥ አጨዳው ሲደርስ ከድንበሩ ማዶ፣ ከገላባት ወዲያ መድፍ ማጓራት ጀመረ። ጣሊያኖቹ የነበራቸውን ናፍታ ለጦሩ አደረጉትና የአጎቴ ካሚዮን ሮቃው ሥር ደርቆ ቀረ። እናቴ ደግሞ በዚያው ሰሞን ምጥ ያዛት፣ ውሎ አደረባት፣ ድምፅዋም እየሰለለ ሄደ። አዋላጇ እማማ ዘሃራ፣ የመንደራችንን ልጅ ሁሉ የተቀበሉት ሴት፣ እጃቸውን እየጠረጉ ወጡና አባቴን «ልጁ ተጋድሟል። ከእኔ አቅም በላይ ሆኗል፤ ሸሕዲ ካለው ሐኪም ዛሬውኑ አድርሳት» አሉት። እማማ ዘሃራ አልችልም ሲሉ ሰምቼ ስለማላውቅ ክው አልኩ።

በቃሬዛ እንዳትሄድ ተሸካሚው ሁሉ መድፉን ሸሽቶ ተበትኗል፤ ግመሏም ላይ በዚያ ሁኔታ አትጫንም። አጎቴ «ያለችው ናፍታ ከግቢ አታስወጣንም» ብሎ ራሱን ይዞ መሬት ላይ ቁጭ አለ። አባቴ ማሰሮዎቹን ሲያይ ቆየና «የእኔስ ዘይት? ኩራዝ ውስጥ ይነድ የለም እንዴ?» አለው። አጎቴ የሚስቅ መስሎኝ ነበር፤ አልሳቀም። ተነሥቶ ዘይቱን በነጠላው እያጠለለ ከቀረችው ናፍታ ጋር ቀላቀለው። ሞተሩ ከሚነደው ሌላ ብረቶቹን የሚያለሰልስ ዘይት በሆዱ ይይዛል፤ እሱም ጎድሎ ስለነበር አጎቴ ለአባቴ ቀዳዳውን አሳየውና «እኔ እታለምን ላውጣ፣ እርስዎ ከሰሊጡ ዘይት በዚህ ትንሽ ይጨምሩለት፣ አያ ፈንቴ» ብሎት ወደ ቤት ሮጠ።

የማስነሻውን ብረት ሲያዞረው ካሚዮኑ አንዴ አሳለ፣ ደገመ፣ ከዚያ ተነሣ። መንደሩ በሙሉ ሰሊጥ የሚጠበስበት ቤት ሸተተ። ሰው ሁሉ አፉን ይዞ ቀረ፤ አባቴ በሕይወቱ እንደዚያ ሲኮራ አላየሁትም። እናቴን ፍራሽ ላይ አስተኝተን፣ እማማ ዘሃራ ራሷን ይዘው፣ እኔን የሚጠብቀኝ ሰው ስላልነበረ እግሯ ሥር አስቀመጡኝና ወጣን። እናቴ እጄን ጨበጥ አድርጋ «ዘይታችን እኮ ሄደ» አለችኝ፤ ፈገግ ለማለት ሞክራ ነበር።

ኮኪትን አልፈን ዳገቱን ስንጀምር ሞተሩ ያለ ወትሮው ጮኸ። መጀመሪያ ዳገቱ መስሎኝ ነበር። ጩኸቱ ግን ይብስ ጀመር፣ ሰማያዊ ጭስ መንገዱን ሸፈነው፣ ካሚዮኑ ዳገት ላይ እንደ ቁልቁለት መሮጥ ጀመረ። አጎቴ እግሩን ከነዳጅ መርገጫው አነሣለት፣ አልሰማም። የናፍታውን መምጫ ዘጋበት፣ አሁንም አልሰማም። ምንም ሳይሰጡት፣ ማንም ሳይነካው፣ ከበፊቱ ይልቅ ይጮህ ነበር። አጎቴ ከማርሽ አውጥቶ እንደ ምንም መንገድ ዳር አቆመው፤ ያን ጊዜ የባሰውን ነፃ ሆኖ ሰውነታችን እስኪንቀጠቀጥ ድረስ አበደ። አጎቴ ዘሎ ወርዶ ክዳኑን ከፈተና ኮቱን አውልቆ አየር በሚስብበት አፍ ላይ ጠቀጠቀው፤ ሞተሩ ጭራሽ ኮቱን ሳበው። አባቴ የራሱን ጋቢ ጨመረበት። ሞተሩ ሊታፈን ሲል ከውስጡ አንድ ነገር በኃይል ፈነዳ፣ የብረት ቁራጭ ጎኑን በጥሶ ሣሩ ላይ ወደቀ።

ከዚያ በኋላ የነበረውን ጸጥታ እስከ ዛሬ እፈራዋለሁ።

አባቴ የሞተሩን ቀዳዳ እያየ «ምነው? እኔ እኮ አልሰሰትኩበትም። ትንሽ ብትለኝም ለሩቅ መንገድ ነው ብዬ አፉ ጢም እስኪል አጠጣሁት» አለ። አጎቴ ቀና ብሎ አየው። ፊቱ አመድ መሰለ፣ ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፣ ሊናገር የነበረውን ግን ዋጠው። «ሞተሩ አርጅቶ ነበር፣ አያ ፈንቴ» አለ። «በዚህ ሞተር እሷን መጫን አልነበረብኝም። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

እናቴን ወደ ዛፍ ጥላ አወረድናት። እማማ ዘሃራ በመጨረሻ ልጁን እንደ ምንም አዙረው አወጡት፤ ወንድሜ አለቀሰ፣ እናቴም ሰምታዋለች። ደሟ ግን አልቆመም፤ ፀሐይ ከመጥለቋ በፊት አረፈች። ገና ልጅ ነበርኩና ያ ሁሉ ሳቅ እንዴት በአንድ ቀን ከዓለም ሊጠፋ እንደሚችል አልገባኝ አለ። እውነቱን ለመናገር አሁንም አልገባኝም።

አጎቴ ከዚያ ወዲያ መሪ አልጨበጠም። ኮኪት ላይ ማሽላ እየዘራ ኖረ፤ ሰው ሁሉ እኅቱን በብልሹ ካሚዮን የገደለ እያለ ያማው ነበር። ወንድሜ አድጎ ነገሩን ሲሰማ ሰላም ማለት ተወው፤ በየመንገዱ ሲገናኙ ፊቱን ያዞርበት ነበር። አጎቴም ቆሞ ያሳልፈው ነበር። አባቴ ግን እኛን አቅፎ፣ ግመሏን እያስዞረ፣ ሁለታችንንም ለወግ ለማዕረግ አበቃን።

አባቴን በቀበርን ማግስት ነው አጎቴ የነገረኝ። ከልክ በላይ የተሞላ ዘይት ወደ ላይ ይወጣል፣ ሞተሩም የገዛ ሆዱን ዘይት እየጠጣ ያብዳል፣ ናፍታ ቢዘጉበት ግድ የለውም አለኝ። «እኔም ልኩን ሳላይ ነዳሁ» ሲል ጨመረ። «ታዲያ ይህን ሁሉ ዘመን ለምን ዝም አሉ?» አልኩት።

«እናንተን የሚያሳድገው እሱ ነበራ» አለኝ። «ሚስቱን በገዛ እጁ የገደለ የሚመስለው ሰው በማግስቱ ተነሥቶ ልጅ ያበላል?»

ለማንም እንዳልናገር አስማለኝ፤ እሱ ራሱ እስኪሞት ድረስ ጠበቅሁለት። ኮኪት ከተቀበረ በኋላ ለወንድሜ ነገርኩት። ወንድሜ አሁን ሽማግሌ ነው፤ የራሱ ፒክአፕ አለው። በማግስቱ በማለዳ መጥቶ «ግቢ» አለኝና ወደ ኮኪት ነዳ። እናቴ ያልጨረሰችው ያ መንገድ ዛሬ አስፋልት ነው፤ ምጥ የያዛትን ሴት ጠዋት ወስደው ከሰዓት ከነልጇ ይመልሷታል። እኛም ወጉን ሳንጀምረው ደረስን። ወንድሜ መቃብሩ ራስጌ ኮፍያውን አውልቆ ሲቆም ከልጅነቱ ወዲህ ያልጠራውን ስም ሲጠራ ሰማሁት፤ «አጎቴ» አለ፣ እኔም ለብቻው ልተወው ብዬ ወደ መኪናው ተመለስኩ።