አንድ አፍ ምስማር

ሰፈሩ «አፈ ምስማር» ነበር የሚለው። ክፉ አፍ ኖሮት እንዳይመስላችሁ፤ ኧረ ከሱ አንድ ቃል ያገኘ ዕድለኛ ነው! ሰውየው ሶፋ ሠሪ ነው። የተቀደደ ወንበር ያለብሳል፣ የሞተ ስፖንጅ ይለውጣል፣ የላላ ሞላ ያስራል። ታዲያ ጨርቅ ሲወጥር አንድ እጁ ጨርቁን ይዟል፣ አንድ እጁ መዶሻውን ይዟል፤ ምስማሩን ማን ይያዝለት? አፉ ነዋ! ከቆርቆሮው ሠላሳ ትንንሽ ምስማር ዘግኖ ይጎርስና ከዚያ በኋላ ሥራው የምላሱ ነው። ምላሱ ጉንጩ ውስጥ ከተከመረው መሐል አንዷን ይለያታል፣ ያገላብጣታል፣ ጭንቅላቷን ወደ ውጭ አድርጎ ከንፈሩ ላይ ያቀርባታል። ጫፉ ማግኔት የሆነው መዶሻ ይቀበላትና ቷ! ሙያ በልብ ነው ይባላል፤ የሱ ግን በምላስ ነበር።

አፉ ምስማር የሞላ ሰው ደግሞ አያወራም። ሚስቱ ከወዲያኛው ክፍል ስትጠራው መዳፉን ከፍ አድርጎ ያሳያታል፤ «አፌ ውስጥ ያለውን ልጨርስ» ማለቱ ነው። እሷም አትጨቀጭቀውም። መሐል ላይ መትፋት በሱ ዘንድ ነውር ነው። ሥራ ያስተማሩት ሽማግሌ «የሚተፋ ጀማሪ ነው፤ የተፋውንም ሲንበረከክ በጉልበቱ ያገኘዋል» ብለውታል። እንዲህ እንዲህ ሲል ነገሩ የቤቱ ሰዓት ሆኖ ቀረ። ሻይ ለመፍላት አንድ አፍ ምስማር፣ ድንች ለመብሰል ሁለት አፍ። አንዲት ልጃቸው ዛሬ አውቶቡስ ጣቢያ ትኬት ትቆርጣለች፤ አውቶቡስ ሲዘገይባት እስካሁን «አራት አፍ ምስማር ቆየ እኮ!» ትላለች። ባልደረቦቿ ምን እንደምትል አይገባቸውም።

ሥራ ሲያበቃ አፉን ይጉመጠመጥና ከሽርጡ ኪስ አርሞኒካውን ያወጣል። ሌላው ሰው አርሞኒካ ሲነፋ ሊያፏጭ እንዳሰበ ሰው ከንፈሩን አሹሎ አንዷን ቀዳዳ ይፈልጋል። እሱ እንደዚያ አያውቅም። አፉን ከፍቶ አራት ቀዳዳ ባንዴ ይጎርሳል፤ በግራ ያሉትን ሦስቱን በምላሱ ይደፍናል፤ ትንፋሹ በቀረችው በአንዲቷ ብቻ ይሾልካል። አስተማሪ አልነበረውም። ከሠላሳ ምስማር አንዷን መለየት የለመደ ምላስ ድምፅም እንዲሁ መለየት ቻለ።

የሚነፋው አንድ ዜማ ብቻ ነበር፤ የራሱ፣ ስም የሌለው። አንዲቷ ድምፅ ብቻዋን ስትሄድ፣ ስትሄድ ቆይታ መሐል ላይ ምላሱን ብድግ ያደርገዋል። ያን ጊዜ የተደፈኑት ሦስቱ ከአንዲቷ ጋር ባንዴ ይወጣሉ። ሚስቱ እዚያ ቦታ ላይ ሁልጊዜ «ይኸው፣ ሰው ገባ!» ትላለች። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሳይሰለቻት አለች።

በመጨረሻው ዓመት ታመመች። አልጋዋን ከሥራ ክፍሉ ጎን ወዳለው ክፍል አመጡት፤ በሩም ቀን ቀን አይዘጋም ነበር። አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ ባለመስመር ጨርቅ ወንበር ላይ እየወጠረ ሳለ፣ «አንተ ሰውዬ፣ እስቲ ያቺን ንፋልኝ» አለችው። በሥራ ሰዓት ጠይቃው አታውቅም። መዳፉን ከፍ አደረገላት። አፉ ውስጥ አሥራ አንድ ምስማር ነበር፤ አሥራ አንዱን ጨረሰ። እንግዲህ ጉዱ እዚህ ላይ ነው። የጨርቁ መስመር ከመስመር አልገጥም ብሎት ዓይኑም ሐሳቡም እዚያ ላይ ነበርና፣ እጁ በልማዱ ወደ ቆርቆሮው ሄዶ ዘግኖ አፉን ሞላው። ሌላ ሠላሳ። ያንን ጨርሶ፣ ተጉመጥምጦ፣ አርሞኒካውን በሽርጡ እየጠረገ ሲገባ ሚስቱ ሞታለች።

እንባ ጠብ አላለውም። ሰው ሲመጣ ወንበር ያቀርባል፣ ሰው ሲሄድ ወንበሩን ይመልሳል። ከቀብሩ ማግስት ያንን ባለመስመር ወንበር ጨረሰው፤ መስመሩም ገጠመ። ባለቤቱ መጥቶ «እጅህ ይባረክ» ብሎ ወሰደው፣ እሱም «አሜን» አለ። ልቡን ሲዳስሰው ምንም የለም። እግር ተጣጥፎ ሲቀመጡበት እንደሚደነዝዘው ሁለመናው ደንዝዟል። ስለ ሁለተኛው አፍ ምስማር ለማንም አልተነፈሰም። ዝም አይነቅዝም ብሎ ሆዱ ውስጥ ቀበረው።

በሦስተኛው ሳምንት ጠዋት ሲጉመጠመጥ ውኃው በግራ ከንፈሩ ጥግ ፈስሶ ደረቱን አራሰው። መስተዋት ሲያይ ግማሽ ፊቱ ወርዷል። ሐኪም ቤት ሄደ። ሐኪሟ ግንባርዎን ይቋጥሩ፣ ዓይንዎን ይጨፍኑ፣ ጉንጭዎን ይንፉ ስትለው ቆይታ፣ «የፊት ነርቭ ነው፤ ምላስዎ ደህና ነው» አለችው። «ብዙ ሰው በወራት ውስጥ ይሻለዋል። ሳይመለስለት የሚቀርም አለ፤ አልዋሽዎትም።» እሱም ስለ ሌላ ሰው የሚወራ ይመስል ራሱን ነቀነቀ።

የግራ ዓይኑ አልከደን ብሎ ቀኑን ሙሉ ውኃ ያፈስ ጀመር። ልብስ ተኳሿ ጎረቤት በበሩ ስታልፍ አይታው ካውያዋን ጥላ መጣች። «እሰይ! አልቅስ ወንድሜ፣ አልቅስ፣ ይውጣልህ!»

«ዓይኔ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም» አላት።

«ምን ይላል ይኼ ሰውዬ!» ብላ ወደ ካውያዋ ተመለሰች።

አንድ ነገር ብቻ ነበር የሚፈልገው። የሚስቱ አልጋ ጠርዝ ላይ ተቀምጦ የጠየቀችውን ዜማ አንድ ጊዜ መንፋት። ሌላ ምንም አልቀረውም። ግን አፉ በግራ በኩል መግጠም አልቻለም፤ ምላሱ ሦስቱን ቀዳዳ እንደ ድሮው ይደፍናል፣ ትንፋሹ ግን በወደቀው ከንፈር በኩል ፍስስ ብሎ ያልቃል። ከንፈሩን በጣቱ ደግፎ ሞከረ፣ አልሆነም። አንድ ቅዳሜ ልጁ ከሥራ መልስ ስትገባ ከንፈሩን በልብስ መቆንጠጫ ይዞ፣ አርሞኒካ ጎርሶ አገኘችው። እስኪያማት ሳቀች። ሳቋ ሲያልቅ ግን መቆንጠጫውን ከከንፈሩ ላይ አነሳችለት።

«አባዬ፣ ምን ሁነህ ነው?»

«ዜማዋን ልነፋላት ነበር። ከኔ ሌላ የሚያውቃት የለም፤ አፌ ካልተመለሰ ጠፋች ማለት ነው።»

«ታዲያ አስተምረኛ!»

«አንቺን?»

«ምነው፣ እኔ ከንፈር የለኝም?»

እንዲህ ተጀመረ። መጀመሪያ ከንፈሯን አሹላ ቀረበች። «አትሳሚው!» አለ፣ በተጣመመ አፉ። «ጉረሺው! ሰፋ አድርጊ።» ስትጎርሰው ደግሞ አራቱም ባንዴ ጮኹባት። «በምላስሽ ድፈኛቸው። በጫፉ አይደለም፣ ዘርጋ አድርገሽ። አትግፊ፣ ተንፍሺ ብቻ። ስትስቢም ልክ ቤት ውስጥ እንደምትተነፍሺው።» ስንተኛዋ ቀዳዳ እንደሆነች ስትጠይቀው ግራ ገባው። ቆጥሮ አያውቅማ! ምላሱ እንጂ እሱ አያውቀውም። በመጨረሻ ትንንሽ ምስማሮች በውኃ ቀቅሎ አቀዘቀዘና አምስቱን ሰጣት። «አንዷን ለይተሽ ጭንቅላቷን ወደ ውጭ አቅርቢልኝ። እሱን ስትችዪ ሌላው ይከተላል።»

ልጁም እልኸኛ ናት። ትኬት ቤቷ ውስጥ ምስማር መጉረስ ፈርታ ከሎሚ ውስጥ የወጣ አምስት ፍሬ ጉንጯ ውስጥ አስቀምጣ ስታገላብጥ ትውል ጀመር። በሁለተኛው ወር ዜማው መጣላት። ያ ምላስ ብድግ የሚልበት ቦታ ብቻ አልሆን አላት፤ ሁልጊዜ ትዘገያለች፣ ሦስቱ ድምፆች ዘግይተው እንደመጡ እንግዶች ይንጫጫሉ። እሱም ይሻለው ጀምሮ በቀኝ ጉንጩ እስከ ሰባት ምስማር ድረስ መያዝ ቻለ። ከንፈሩ ግን አርሞኒካ አይገጥምም፤ ውስጡም እንደደነዘዘ ነው።

አንድ ቀን እየሳቀች ገባች። «አባዬ፣ ዛሬ ጉድ ሠራሁ። አንድ ሰውዬ አውቶቡሱ ሄደ ወይ ሲለኝ አፌ ውስጥ ፍሬ አለ፤ እንዳንተ መዳፌን አሳየሁታ! ምስኪን፣ ቆሞ ጠበቀኝ። ፍሬዬን አንድ በአንድ አውጥቼ ስጨርስ ረስቼው ሌላ አልጎርስ መሰለህ? አውቶቡሱ ጥሎት ሄደ።»

እሱ አልሳቀም። እጁ ላይ የነበረውን መዶሻ አስቀመጠ።

«እኔም እናትሽን እንደዚያ ነው ያደረግኋት» አለ።

ከዚያ ሁሉንም ነገራት። ሐሙሱን፣ አሥራ አንዱን፣ ከዚያም ሠላሳውን። ድምፁ አልተንቀጠቀጠም፤ የሶፋ ልክ የሚነግራት ይመስል ነበር። ልጁ ሳቋ ፊቷ ላይ ደረቀ።

«ሁለት አፍ?» አለች።

«ሁለት አፍ።»

«ጠርታህ፣ ሁለት አፍ ምስማር ጠበቀችህ?»

ልጁ አርሞኒካውን ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ፣ ደህና ዋል እንኳ ሳትለው ወጣች። ልብስ ተኳሿ «ምን ሆነች?» ብላ ብትጠይቀው «ደክሟት ነው» አላት። እስከ እሑድ ድረስ አልመጣችም። ስልክም አላነሳችለትም። እሱ ሥራውን ሠራ፤ ሰባት ጎርሶ፣ ሰባት መትቶ፣ እንደገና ሰባት። ዜማዋ አሁን በማንም አፍ ውስጥ የለችም ብሎ አሰበ። ሊከፋው ይገባ ነበር፤ አልከፋውም። ያ ነው ያስፈራው።

እሑድ ረፋዱ ላይ የውጭው በር ተከፈተ። ልጁ በሱ በኩል አላለፈችም፤ በኮሪደሩ አድርጋ ቀጥታ እናቷ ክፍል ገባች። አልጋው ሲጢጥ ሲል ሰማ፤ ጠርዙ ላይ ተቀምጣለች። እሱ ወንበር ላይ አጎንብሷል፣ ሰባት ምስማር ቀኝ ጉንጩ ውስጥ ነው። ሁለቱን መትቶ አምስት ሲቀሩት ዜማዋ ጀመረች።

አንዲቷ ድምፅ፣ ብቻዋን። አልተንጫጫችም።

ይኸው፣ እጁ በልማዱ ብድግ አለ፤ መዳፉ ወደ በሩ ተዘረጋ። ልጨርስ ሊል። መዳፉን አየው። አየር ላይ እንደተሰቀለ ትክ ብሎ አየው፣ የሌላ ሰው እጅ ይመስል። ከዚያ ጎንበስ ብሎ አምስቱንም ምስማር መሬት ላይ ተፋቸው። በሠላሳ ዓመት ሥራው ሲተፋ የመጀመሪያው ነበር። አንዱ ተንከባልሎ ከወንበሩ ሥር ገባ፤ እሱም አልፈለገውም። ተነሣ።

በሩ ላይ ሲደርስ የልጁ ምላስ ብድግ አለ። አልዘገየችም። ሦስቱ ድምፆች ከአንዲቷ ጋር ባንዴ ወጡ። ልጁ ዓይኗን አላነሳችም፤ ገና ተቆጥታለች፣ ግን አላቆመችም። እሱ መቃኑን ይዞ ባዶውን አልጋ እያየ ቆመ። ፊቱ ላይ እርጥብ ነገር ሲወርድ ተሰማው፤ እንደ ልማዱ የግራ ዓይኑን በእጅጌው ጠረገ፣ ግን እርጥቡ የነበረው ቀኙ ነው።

«መጣሁ» አለ፣ አፉ ባዶ ሆኖ። ለልጁ አልነበረም።