በጠመንጃ የተተካው መፍቻ

ፎቶውን እዩት። ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ላይ ዝናብ እየመታው ዛሬም አልተነሣም። ቁመቱ ሰው የሚያህል ባነር ነው፤ «ጀግናው ሃምሳ አለቃ እንዳላማው» ይላል። ከጽሑፉ ሥር ቱታ የለበሰ ቀጭን ወጣት ጠመንጃ ይዞ ቆሟል። ጠመንጃውን ተዉትና ጣቶቹን እዩ። ጠመንጃ የሚይዝ ሰው ጣት እንዲህ አይሆንም። ጣቶቹ የተሰበሰቡት ከጠመንጃ አንገት በጣም የቀጠነ ነገር ላይ ነው። እዚያ የነበረው መፍቻ ነው፤ ባለ ሁለት አፍ የብረት መፍቻ። አንድ ፎቶ ቤት በኮምፒውተር መፍቻውን አጥፍቶ ጠመንጃ ተክሎበታል። ዋናው ፎቶ እኔ ዘንድ ስላለ ነው እንዲህ አፌን ሞልቼ የምናገረው።

ዘሪቱ እባላለሁ። ደብረ ማርቆስ፣ ወደ ደምበጫ በሚወጣው መንገድ ዳር የባጃጅ መለዋወጫ እሸጣለሁ። ትምህርቴን ከአሥረኛ ክፍል አቋርጫለሁ። ከዚያ ወዲህ የተማርኩት ዕቃ ከተጠቀለለበት ጋዜጣ፣ ከሬዲዮና ከጋሽ እንዳላማው ነው። አቤቱታ መጻፍ ያቃተው የሰፈር ሰው እኔ ዘንድ ይመጣል፤ ምላሴ ስለማያርፍም ቆይቶ ይቀየመኛል። ይቀየመኝ።

ጋሽ እንዳላማው ለአሥራ አንድ ዓመት በየቀኑ ሱቄ ደጃፍ ካለችው አግዳሚ ላይ ይቀመጡ ነበር። የአየር ኃይል መካኒክ ነበሩ። ጎረቤቴ ሐምዱ፣ ጨርቅ ነጋዴው፣ ሱቁን እንደከፈተ ሰላምታው አንድ ነበር፦ «ጋሽ እንዳላማው፣ ዕቃው መጣ?»

«ጅቡቲ ደርሷል አሉ» ይሉታል።

ይሳሳቃሉ። ቀልዱን ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። ዕቃው ከ1969 ዓ.ም. ጀምሮ ከአሜሪካ ይመጣል የተባለ የአይሮፕላን መለዋወጫ ነው። እኔም አብሬ እስቅ ነበር። አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል።

የተወለዱት ደምበጫ አጠገብ ነው። አባታቸው እያረሱ የሚቀድሱ ቄስ ነበሩ። እሳቸው ግን ደብረ ማርቆስ ተማሪ ሳሉ አንድ አሜሪካዊ የሳይንስ አስተማሪ ቤት እንጨት እየፈለጡ ይማሩ ነበር። በ1961 ሐምሌ፣ ዝናቡ ጣራውን ሲደበድብ፣ አስተማሪው ሬዲዮኑን አስጠግቶ ሰው ጨረቃ ላይ መውረዱን ነገራቸው። ያን ለአባታቸው ሊያበሥሩ በእግር ተጓዙ። አባት ሆዬ ፋሲካን የሚቆጥሩት በጨረቃ ነው። ሰው በጫማ የረገጣት ጨረቃ ከእንግዲህ ለቁጥር ትሆናለች ወይ ብለው ሁለት ቀን እህል አልቀመሱም። ልጅየው ግን ከዚያ ቀን ወዲህ አሜሪካ ስትታማ አይወዱም ነበር።

አብራሪ ሊሆኑ አየር ኃይል ገቡ፤ የዓይን ምርመራ ወደቁና መካኒክ ሆኑ። ያሠለጠኗቸው አሜሪካኖች ነበሩ። መፍቻውን የሰጣቸው አሠልጣኝ «እኛ እስካለን እናንተ የምትጠግኑት አይሮፕላን ዕቃ አጥቶ መሬት ላይ አይቀርም» ብሏቸው ነበር። ፎቶውን ያነሣቸውም እሱ ነው። በመፍቻው ኮርተው የቆሙበት ቀን ነው።

ከዚያ ሶማሊያ በምሥራቅ ገባች። መንግሥት ተለውጦ፣ አዲሱም ከአሜሪካ ጋር ተቃቅሮ ነበር። አሜሪካኖቹ ሄዱ፤ ዕቃውም ቀረ። አሜሪካ ለመቀየም ምክንያት አልነበራትም አልልም፤ ያን ጊዜ በከተሞቹ መንገድ ላይ ይጣል የነበረውን ሬሳ እናቴ ነግራኛለች። ግን የመለዋወጫው መቅረት የጎዳው ሬሳ ያስጣሉትን ሰዎች ነው እንዴ? እነሱ አይበሩም። እኛ እኮ ኮሪያ ድረስ ሄደን ከጎናቸው የሞትን ሰዎች ነን። ለዚያ ጊዜ ወንድም ነበርን።

ጋሽ እንዳላማው ከዚህ የወሰዱት ትምህርት የትም መጽሐፍ ላይ አላነበብኩትም። ኃይል ማለት ቦምብ አይደለም ይሉ ነበር፤ መለዋወጫው በማን እጅ ነው፣ ያ ነው ኃይል። የጦርነት ታሪክ ሲያወሩም ጀግና አይጠሩም። ጦር የሚሸነፈው መጋዘን ውስጥ ነው፣ ግንባሩ ወሬውን ዘግይቶ ይሰማል ይላሉ። ቬትናምስ? ብዬ ስሞግታቸው፣ እሱ መለዋወጫ ሞልቶት ምክንያት ያጣ ጦር ነው አሉኝ። አንድ ምሽት ሳተላይቶች እንደ ግመል ተከታትለው በሰማያችን ሲያልፉ ሐምዱ ስልኩን ይዞ ሊቀርጽ ወጣ። እሳቸው ቀና ሳይሉ፣ «የምትቀርጽበትም የምትቀርጸውም የነሱ ነው፤ በጊዜ ጨርስ» አሉት።

ጨረቃን ግን እስከ መጨረሻው አልጠሏትም። ከሁሉ የሚወዱት የተሳካውን ጉዞ እንዳይመስላችሁ። በ1962 መንገድ ላይ የተበላሸችውን መንኮራኩር ነው። ሦስቱ ሰዎች አየሩ ሊመርዛቸው ሲል በካርቶን፣ በካልሲና በፕላስተር ማጣሪያ ሠርተው አገራቸው ገቡ። ይህን ሲያወሩ በእጃቸው የኔን የባጃጅ ዕቃ ካርቶን እያጠፉ ያሳያሉ። ከዚያ ካርቶኑን ጨምድደው ይጥሉታል። ለምን እንደሚጥሉት ያወቅኩት ባለፈው ጥር ነው።

ሐምዱ ለጁምዓ ሄዶ ብቻችንን ነበርን። የሕይወት ታሪኬን አንቺ ጻፊልኝ አሉኝ። መቼም እዚህ አገር ሰው ሲቀበር የሕይወት ታሪኩ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ይነበባል። እርስዎ ገና ነዎት አልኳቸው። ወረቀት አውጪ አሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጦርነቱ ሲፋፋም አንድ ጄት በነዳጅ ፓምፕ እጦት ቆመ። እሳቸው ከተመታ አይሮፕላን ላይ አንዲት ፓምፕ ፈቱ። የተፈቀደላት የሥራ ሰዓት ካለቀ ቆይቷል። አለቃ ሲጮህባቸው ገጠሟትና «ለበረራ ብቁ» ብለው ፈረሙ። አብራሪው መቶ አለቃ አበረ ይታያል ይባላል፤ የደጀን ልጅ፣ እናቱ ለሾፌሮች ምግብ የምትሸጥ። ጓደኛቸው ነው። ጦርነቱ ሲያልቅ እናቴ ቤት ወርደህ ትበላለህ ብሏቸው፣ እሺ ብለውታል።

«አንድ እግሩን መሰላሉ ላይ አድርጎ፣ ‹እንዳላማው፣ ታምናታለህ?› አለኝ። ‹አምናታለሁ› አልኩት። አላምናትም ነበር፣ ዘሪቱ።»

አበረ አልተመለሰም። በሌላ አይሮፕላን አብሮት የበረረው ጓዱ የጠላት ተኩስ አላየሁም፤ ፍጥነቱ ቀንሶ ቀንሶ ወደ ኋላ ቀረብኝ ብሎ ተናገረ። ለእናቱ የተጻፈው ደብዳቤ ግን በጠላት ተመትቶ ይል ነበር።

«ለሦስት ሰው አሜሪካ ሙሉዋን ስትጸልይ ከረመች» አሉ። «ለአበረ አንድ ካርቶን ነው የጠየቅነው። ዕቃውን የከለከሉት እነሱ ናቸው። ውሸቱ የኔ ነው። ሁለቱንም ጻፊ፤ አንዱን ብቻ ከጻፍሽ አትጻፊው።»

ከዚያ ወዲህ ወደ አዲስ አበባ በሄዱ ቁጥር አውቶቡሱ ደጀን ለምሳ ሲቆም እሳቸው ከወንበራቸው አይነሡም ነበር። አርባ ሰባት ዓመት። ደብረ ማርቆስና ደጀን ስንት ሰዓት መንገድ ሆኖ ነው? ይህን ፊት ለፊት ጠየቅኳቸው፤ እኔ እንዲህ ነኝ። ዋናውን ፎቶና መፍቻውን በጋዜጣ ጠቅልለው አምጥተው አስቀመጡልኝና፣ በቀብሬ ቀን ስሙ ከተጠራ ለቤተሰቡ ይደርሳል አሉኝ። የፈለጉት ይህን ብቻ ነበር፤ የአበረ ስም ከነእውነቱ በሰው ፊት እንዲጠራ። እሺ አልኳቸው።

በግንቦት ዐረፉ። ባዘዘው የሚባለው ልጃቸው፣ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ኃላፊ የሆነው፣ በማለዳ መጥቶ የጻፍኩትን ወረቀት ተቀበለኝ። በኮምፒውተር አስጽፌ አነብበዋለሁ አለ። ስቅስቅ ብሎ ያለቅስ ስለነበር አመንኩት። በካርቦን ያስቀረሁትን ቅጂ ነጠላዬ ውስጥ ይዤ ቀብር ወጣሁ።

ፍትሐቱ አልቆ ባዘዘው ማይኩን ያዘ። ሃምሳ አለቃ እንዳላማው በምሥራቅ ግንባር ሦስት የጠላት አይሮፕላን ጥለዋል ብሎ አነበበ። ጥይት ተኩሰው የማያውቁ ሰው! ቀጠለና ጨካኝ ተዋጊ እንደነበሩ፣ ጠላት በስማቸው ይንቀጠቀጥ እንደነበር ተናገረ። ቤት ከቀረው የፎቶው ቅጂ የተሠራው ባነርም ከነጠመንጃው ከአስከሬኑ በላይ ተወጥሯል። ሰው ሁሉ አንገቱን እየነቀነቀ በኩራት ያዳምጣል። መፍቻ የያዘ አባት ለዚህ አገር ቀብር አይበቃም ማለት ነው፤ ጠመንጃ እንዲህ ጠግበን እንኳ። የአበረ ስም አልተጠራም።

እኔስ? ወረቀቱ እጄ ላይ ነበር። ባጃጅ ነጂ ሲያጭበረብር አስፋልት መሐል የምጮኸው ሴት፣ አስከሬን ተቀምጦ፣ ልጅ እያለቀሰ፣ ብዬ ዝም አልኩ። ሐምዱ ወደኔ ዞሮ «ሦስት አይሮፕላን?» አለኝ በሹክሹክታ። አንገቴን ደፋሁ።

በሦስተኛው ቀን ባዘዘውን ቤቱ ሄጄ ያዝኩት።

«አንቺ፣ ሰው በቀብሩ ቀን ይከሰሳል?» አለኝ።

«የከሰሱት ራሳቸው ናቸው።»

«እሱ ሞቷል። ከነገ ጀምሮ እዚህ ከተማ የምኖረው እኔ ነኝ።»

መልሱ ልክ ያ ደጀን ላይ የማይነሡበት የአውቶቡስ ወንበር ነው። አባትዬው እዚያ ተቀምጠው ነበር፤ ልጁም አጠገባቸው ሄዶ ተቀመጠ። ደጃፉ ላይ ደርሼ ስወጣ እኔም ከጎናቸው እንዳለሁ ገባኝ። አሜሪካ ቃሏን በላች እያልኩ አሥራ አንድ ዓመት አብሬ ስጮህ፣ ለእሳቸው የሰጠሁትን ቃል በአንዲት የቀብር ቀን በላሁ።

በማግሥቱ ደጀን ወረድኩ። ከመኪና መናኸሪያው ጀምሬ ጠየቅኩ። ሽንኩርት የምትሸጥ አንዲት ወይዘሮ አስታወሰች። ግድግዳዋ ላይ የአብራሪ ልጇን ፎቶ የሰቀለች ባለ ምግብ ቤት ነበረች፤ ደርግ ሳይወድቅ ሞተች አለችኝ። ያቺ እናት ልጄን ጠላት መታው እንዳለች ነው የሄደችው። አንዲት ሴት ልጅ ቀርታላት ነበር፤ የኔአለም የምትባል። አግብታ ወደ አዲስ አበባ ወይ ወደ ፍኖተ ሰላም ሄደች ይሏታል፤ አድራሻዋን የሚያውቅ አላገኘሁም።

አርባቸው ሰኔ ማለቂያ ላይ ነው። ባዘዘው ድንኳን ይጥላል፣ ባነሩንም ያወርድና እዚያ ይሰቅለዋል። እኔም እገኛለሁ፤ የካርቦኑን ቅጂ ይዤ፣ ማይክ ባይሰጡኝም ጉሮሮ አለኝ። ግን እዚያ ያለው ሰው ሁሉ የእንዳላማው ወገን ነው። ከአበረ ወገን አንድ ሰው መቆም አለበት።

ስለዚህ ይህን የምታነቡ፣ በተለይ የደጀን ተወላጆች፦ የመቶ አለቃ አበረ ይታያልን እህት፣ የኔአለም ይታያልን፣ የምታውቁ ካላችሁ ይህን ጽሑፍ አንብቡላት። መፍቻው፣ ፎቶውና ወረቀቱ ከሱቄ መደርደሪያ ላይ ተቀምጠው ይጠብቋታል። መምጣት ባትፈልግ፣ ብትረግመን እንኳ፣ ያለችውን ሳትቀንሱ አድርሱልኝ። እባካችሁ፣ አውቶቡሱ ደጀን ሲቆም ውረዱና ጠይቁልኝ።