ዛሬ «ፋያ» እንዳትል

ባሌ ከውትድርና የተመለሰው ትከሻውን ተመትቶ ነው። ቁስሉ ቢድንም ጠባሳው ክንዱን ይዞታል። የጉዳት ጡረታ ሲጠይቅ ሐኪሙ «ፋያ? ደህና ነህ?» አለው። እሱም እንደ አገሩ ሰላምታ «ፋያ፣ ደህና ነኝ» በማለቱ ጤነኛ ነው ተብሎ ጡረታውን ተከለከለ።

ለይግባኙ ነቀምቴ ስንሄድ ባጃጅ ውስጥ «ዛሬ ፋያ እንዳትል!» እያልኩ ጨቀጨቅኩት።

«ሰላም ሲሉኝ ዝም ልበል እንዴ?»

«አዎ!»

ይግባኙን የምታየው ሐኪም «አካም፣ ፋያ?» ስትለው እውነትም ዝም አለ። ደግማ ጠየቀችው፤ ላቡ ወረደ። ሲጨንቀኝ ልጄን እንዳዘልኩ «ፋያ አይደለም!» ብዬ ጮህኩ።

ሳቀች። «ሰላምታ ነው እኮ! በል ክንድህን አንሳ።» ከደረቱ አላለፈም። ጠባሳውን ደባብሳ አየችና «ጉዳት አለበት» ብላ ፈረመችለት።

ልንወጣ ስንል «አንቺስ እህቴ፣ ፋያ?» አለችኝ።

ባሌ ቀደመኝ፦ «ፋያ እንዳትዪ!»