ግመል የገባበት የዋርሊ ግድግዳ

ከቆቦ በወጣሁበት ንጋት አውቶቡሱ ድረስ ያደረሰኝ ባለባጃጅ ሲሰናበተኝ አላለቀሰም። «ሞላ፣ ባጃጅ የሚሠራው እዚያው ህንድ አይደል? ጎማ ብትልክልን ምን አለበት?» አለኝ። የባጃጆቹን ጀርባ በሥዕልና በጥቅስ የማሳምረው እኔ ስለነበርኩ፣ ሥዕል ልማር መሄዴን ማንም ከቁም ነገር አልቆጠረውም። አውቶቡሱ ሮቢትን አልፎ ጎብዬ ሲደርስ ግን ፊቴን በጃኬቴ ሸፍኜ አለቀስኩ።

ህንድ ስደርስ የአየር ማረፊያው ፈታሽ እናቴ የቋጠረችልኝን ፌስታል ከፈተ።

«ምንድነው?»

«በርበሬ።»

«ወደ ህንድ? በርበሬ?» ብሎ ጓደኛውን ጠራ። ሁለቱም ቀመሱ። አንደኛው ማስነጠሱን ማቆም አቃተው፤ ሁለተኛው እንባውን እየጠረገ «እለፍ» አለኝ።

ፑኔ የምትባል ከተማ ገባሁ። ሙቀቱ የኛው የቆላው ሙቀት ነው። የከበደኝ ሰዉ ራሱን ግራና ቀኝ ሲነቀንቅ እሺ ይበል እምቢ አለመለየቱ ነው። ባክሪ የሚሉትን ቂጣ ቀምሼ ማሽላ መሆኑን ሳውቅ ግን ዘመድ ያገኘሁ ያህል ደስ አለኝ። ብቻ አያቦኩትም! ማሽላን ያህል ነገር ሳያቦኩ ይበሉታል፤ ጉድ እኮ ነው።

አከራዬ ከታች ሻይ ቤት፣ ከላይ የሚከራይ ክፍል ያለው ሰው ነው።

«ሥጋ ትበላለህ?» አለኝ መጀመሪያ ቀን። ቤቱ ሥጋ አይገባም።

«በኛ ሃይማኖት ከዓመቱ ከግማሽ የሚበልጠው ጾም ነው» አልኩት። አልዋሸሁም።

«የቀረውስ?»

«እሱን እግዚአብሔር ያውቃል።»

ለፋሲካ ዶሮ ሠራሁ። ሽታው ደረጃውን ወርዶ ሻይ ቤቱ ገባ፤ አከራዬ ደግሞ ደረጃውን ወጥቶ መጣ። ወይ ክፍሉን ልቀቅ፣ ወይ ያን የምትማረውን የዋርሊ ሥዕል የሻይ ቤቴ ግድግዳ ላይ ሳልልኝ አለኝ። መሄጃ አልነበረኝም።

ዋርሊ ከፑኔ ራቅ ባሉ ተራራዎች የሚኖር ሕዝብ ነው። ሴቶቹ የጭቃ ግድግዳቸውን በእበትና በቀይ አፈር ለቅልቀው፣ በተበጠበጠ የሩዝ ዱቄት ሠርግና አዝመራ ይስሉበታል። ሁለት ባለሦስት ማዕዘን ቅርጾች ጫፍ ለጫፍ ሲገናኙ ሰው ይሆናል፤ ክቡ ራስ፣ ጭረቱ እግር። ዛሬ ሳሪው ላይ፣ ኩባያው ላይ፣ የስልክ ከቨሩ ላይ ሁሉ አለ። ትምህርት ቤታችን ዋርሊ የሚያስተምሩን ሱኒታ ታይ የሚባሉ የዋርሊ ሴት ነበሩ፤ ታይ ማለት እትዬ ማለት ነው። ገና ሦስት ቀን ነበር የተማርኩት። የተማርኩትን ስዬ ሲያልቅብኝ ቆቦን ጨመርኩበት፦ ከጭፈራው ጎን ጨው የጫኑ ግመሎች፣ ከሠርገኛው ኋላ ባጃጅ። አከራዬ በደስታ «የጥንት ዋርሊ ሥዕል» የሚል ሰሌዳ ሰቀለ። ሰዉም እየመጣ ፎቶ ይነሳ ጀመር።

ክረምቱ ካለፈ በኋላ አንድ ቀን ታይ ሻይ ሊጠጡ ገቡ። ከባንኮኒው ጀርባ ተደበቅሁ።

«ውጣ፣ ጫማህ ይታያል» አሉኝ። «ይሄ ጀርባው ያበጠ ላም ምንድነው?»

«ግመል ነው፣ ታይ።»

«እኛ መንደር ግመል አለ?»

«የለም።»

ሳቁ። ሰሌዳውን ሲያነቡ ግን ሳቃቸው ጠፋ። «ግመሉ የራስህ ነው፤ ሳለው። ስሙ ግን የእኛ ነው። ኩባያ ሻጩም ልብስ ሻጩም ስማችንን ይወስዳል፣ እኛን ግን አይጠራንም። አንተም እንደዚያው?»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ያን ዕለት ሰሌዳው ይውረድ ብዬ ከአከራዬ ጋር ተጨቃጨቅን። «ቆቦን ለማየት ማን ይመጣል?» ብሎ ጮኸ። ሻንጣዬን ይዤ ደረጃውን ስወርድ ሲያይ አወረደው። ትይዩውን ግድግዳ ታይ በራሳቸው ዋጋ ተስማምተው፣ ከሥሩ ስማቸውን ጽፈው ሳሉት። እበቱን ያቦካሁላቸው እኔ ነኝ።

«ይሄንንስ ማን አስተማረህ?» አሉኝ፣ ልቅልቁን በመዳፋቸው እየዳሰሱ።

«እናቴ።»

በማግስቱ ለእናቴ ደውዬ የኔን ግድግዳ በቪዲዮ አሳየኋት። ግመሉን አወቀችው፤ ባጃጁንም።

«ማማው ላይ ወንጭፍ ይዞ የቆመውስ ማነው?»

«እኔ ነኛ፣ እማ። ማሽላችንን ከወፍ ስጠብቅ።»

ከጀርባዋ የማሽላው ቅጠል ሲንሿሿ ይሰማኛል።

«በል ከዚያ ውረድና ና» አለች፤ «ወፉ ጨረሰው።»

ልስቅ አፌን ከፈትኩ፤ ግን እንደዚያን ቀን ጎብዬ ላይ ፊቴን ሸፈንኩ።