በአንድ መቀነት ሁለት መንገደኛ

ዛሬ ጠዋት ለአባቴ ሻንጣ ካልሲ ስፈልግ ከመሳቢያው ጥግ መቀነቱ እጄ ላይ መጣ። ጫፉ ላይ ያሉት ቀይና አረንጓዴ ክሮች ደብዝዘዋል። ወደ አፍንጫዬ አስጠጋሁት። የጥቁር አዝሙድ ሽታው አሁንም አለቀቀውም፤ ወይም እኔው አለ ብዬ አሸተትኩት። ከሱ ጋር አብሮ የመጣው ግን የዚያ ትልቅ የአውሮፓ አየር ማረፊያ ሽታ ነው፤ የወለል ማጽጃና የሽቶ ሱቅ።

አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ዳላስ አባቴ ጋ ልኖር መምጣቴ ነው። አባቴን ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው በስልክ ድምፁ ብቻ ነበር፤ ያ ድምፅ ደግሞ ሁልጊዜ ያስጠነቅቃል። "ሶ፣ ኤርፖርት ላይ ማንንም ትረስት እንዳታደርጊ! የማንንም ሻንጣ፣ የማንንም ወረቀት እንዳትይዢ። በተለይ ፈገግ የሚልልሽን ሰው!" አባቴ በር ቆልፎ መኪና ውስጥ ከገባ በኋላ ተመልሶ የሚፈትሽ ሰው ነው። እኔም የሱው ልጅ ነኝ፤ ሰው ማመን ድሮም አይሆንልኝም።

ቦሌ ወረፋ ላይ ቆሜ ሳለ አንድ ጎልማሳ ፈገግ እያለ መጣ። በልቤ "ይኸው!" አልኩ።

"እህቴ፣ ዳላስ ነሽ? እናቴን አደራ። እዚያ ያለችው እህቴ ወሯ ገብቷል፣ ልታርሳት ነው የምትሄደው። ቋንቋ አትችልም።"

ከኋላው የቆሙት እማማ ከወሎ የመጡ ናቸው። ሻሽ አስረዋል፤ ሰፊ ቀሚሳቸውን ወገባቸው ላይ በወፍራም መቀነት ሰብስበው፣ ፓስፖርታቸውን እዚያው መቀነቱ ውስጥ ቋጥረዋል። እኔ እሺ ብዬ ሳልጨርስ ልጃቸው ወደ ጆሯቸው ጎንበስ ብሎ ያላቸውን ሰማሁ። "ፓስፖርትሽን ለማንም እንዳትሰጪ። ለሷም ቢሆን።" እንዲህ ነው እንግዲህ የተዋወቅነው።

ከአዲስ አበባ ዘግይተን ተነሳን። አውሮፓ ስንደርስ ለዳላሱ አውሮፕላን የቀረን ጊዜ በጣም ጥቂት ነበር። ካመለጠን ቀጣዩ በማግስቱ ነው፤ እማማ ደግሞ መንገዱን ሙሉ "ልጄ ብቻዋን ልታምጥ ነው" እያሉ ነው የመጡት። በመስታወቱ ግድግዳ ግራጫ የጠዋት ብርሃን ይገባል፣ የሻንጣ ጎማ በየአቅጣጫው ይንኳኳል። እኔ ፈጠን ስል እሳቸው ቆም ይላሉ። እሳቸው ቆም ሲሉ እኔ አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሏትን ትንሽ ቋጠሮ አያለሁ። ምን ይዘው ይሆን?

ወደ መሳፈሪያ በራችን የሚወስደው ሾፌር የሌለው ባቡር ነበር። በሩ ተከፈተ። እማማ አንድ እግራቸውን አነሱና መለሱት።

"የሚነዳው ማነው?"

"ማንም የለም እማማ። ራሱ ነው የሚሄደው።"

"ራሱ የሚሄድማ ሰይጣን ነው!" አሉና ወለሉ ላይ ቁጭ አሉ።

ባቡሩ ሄደ። ሌላ መጣ፤ እሱም ሄደ። ለመንኳቸው፣ ማልኩላቸው። "የማን ልጅ ነሽ?" አሉኝ። የአባቴን ስም እስከ ቅድመ አያቱ ቆጠርኩ። "አላውቀውም" አሉ፣ ጭራሽ ይባስ እየጠረጠሩኝ። "ወላሂ ትተሽኝ ልትሮጪ ነው። ልብሽ ሄዷል።"

እውነታቸውን ነው፤ ልቤ መሳፈሪያው በር ጋ ደርሶ ነበር።

ከዚያ ያደረጉት ነገር እስካሁን ያስቀኛል። መቀነታቸውን ፈቱ፣ ፓስፖርቱን አውጥተው ብብታቸው ውስጥ ወሸቁ፣ አንዱን ጫፍ እጄ ላይ ጠምጥመው እንደ ጥጃ አሰሩኝ። ሌላውን ጫፍ የራሳቸው እጅ ላይ አዞሩና ተነሱ። "እስቲ አሁን ሩጪ!"

መቀነት የሌለው ቀሚስ ግን መሬት ለመሬት ተጎተተ። በሁለት እጃቸው ሊሰበስቡት ክንዳቸውን ሲያነሱ ፓስፖርቱ ወደቀ። ሁለታችንም አየነው። እሳቸው እንዳያነሱት ቀሚሱን ሊለቁ ነው፤ እኔ እንዳላነሳው የአባቴ ድምፅ ጆሮዬ ውስጥ ይጮሃል። ሌላ ባቡር መጥቶ በሩ ተከፈተ።

"አንሺው" አሉኝ ፊታቸውን አዙረው። "በአላህ፣ አደራ ነው።"

አነሳሁት።

ባቡሩ ውስጥ ዓይናቸውን ጨፍነው ቆሙ። ስንወርድ ሮጥን፤ እኔ በሁለት ፓስፖርት፣ እሳቸው በተሰበሰበ ቀሚስ፣ መቀነቱ መሀላችን ተወጥሮ። ሰዉ ማን ማንን እንዳሰረ ግራ ገብቶት ያየን ነበር። በሩ ሊዘጋ ሲል ደረስን። "አብሽሪ" አሉኝ እያለከለኩ፣ እኔን ለማጽናናት። ያኔ አለቀስኩ። አውሮፕላኑ ሲነሳ እንደታሰርኩ እንቅልፍ ወሰደኝ።

ዳላስ ስንደርስ የኢሚግሬሽን መኮንኑ እሳቸውን በአንድ መስመር፣ እኔን በሌላ ላከን። ፓስፖርታቸውን መለስኩ፤ ገልጠው የራሳቸው ፎቶ መሆኑን አረጋገጡ። የእጄ ቋጠሮ ግን ጠብቆ አልፈታ አለ። "ተይው፣ አንቺ ጋ ይሁን፤ ውጪ እንገናኛለን" አሉኝ። የኔ ጉዳይ ቆይቶ አልቆ ስወጣ ሰው ወስዷቸዋል። ስማቸውን እንኳ አልጠየቅኳቸውም። ያቺ ልጃቸው ወንድ ትውለድ ሴት፣ እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

አባቴ አቀፈኝና ወዲያው መቀነቱን አየ። "ይሄ የማነው? ከማን ተቀበልሽ?" መኪናውን ፓርክ ያደረገበት ቦታ ቦርሳዬን ገልብጦ ፈተሸ። እኔ የማላውቀው ቋጠሮ ወጣ፤ ያ ከአንገታቸው የነበረው። ተኝቼ ሳለ የከተቱልኝ ዳቦ ቆሎ ነው። አባቴ ክው አለ። አሸተተ፣ አንዱን ሰብሮ ውስጡን አየ፣ ቀመሰ። ከዚያ እየመረመረ፣ ቤቱ ያለባት ሜስኪት እስክንገባ ጨረሰው።

አሁን ጉልበቱም ዓይኑም ደክሟል። ደሴ እህቱ ጋ ትንሽ ልቀመጥ ይላል፤ የመልስ ትኬት ግን አላስቆረጠም። በረራው በዚያው አየር ማረፊያ በኩል ነው፣ መሀሉ ያለው ጊዜም አጭር ነው። ከቤት ስንወጣ ተመልሶ በሩን ፈትሿል።

ኤርፖርት ወረፋው ላይ አንዲት ሐበሻ አገኘሁ። "እህቴ፣ አዲስ አበባ ነሽ? አባቴን አደራ" አልኳት። መጀመሪያ ሻንጣውን አየች፣ ቀጥሎ እኔን። ያንን አስተያየት አውቀዋለሁ። አባቴም እጅጌዬን ጎተተኝ፤ "ኦኬ፣ ማለቴ፣ ማናት? የማን ልጅ ናት?"

መቀነቱን አውጥቼ ታሪኩን ባጭሩ ነገርኳት። ሳቀችና አንዱን ጫፍ ተቀበለችኝ። አባቴ "ወንድ ልጅ በመቀነት!" ብሎ ተቆጣ።

ከፍተሻው ወዲያ ማለፍ አይፈቀድልኝም። ቆሜ አየኋቸው። ሰልፉ ሲታጠፍ ሌላኛው ጫፍ አባቴ እጅ ላይ ተጠምጥሟል፤ ፓስፖርቱም እሷ ጋ ነበር። ዞሮ ያየኛል ብዬ እጄን አነሳሁ። አልዞረም።