አራት ትርጉም ያለው ቃል ይዤ ዲክሲስ ስሄድ

አንባቢ ሆይ፤ የምታውቀውን ነገር ለሰው ስታስረዳ ጣፍጦህ፣ የሄድክበትን ጉዳይ ዘንግተህ ታውቃለህ? እኔ በ፲፱፻፶፪ ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ዘንግቻለሁ።

ከአሰላ የተነሣሁት ለመመስከር ነው። ዲክሲስ የሚያርሱት ጢሰኛ አቶ ገመዳ ከመሬቱ ጌታ ከግራዝማች ጋር አሰላ ሻይ ቤት ሲነጋገሩ አጠገባቸው ነበርኩ። ግራዝማች «ገብስህን ሳታጭድ አላስለቅቅህም» ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። አሁን ግን ልቀቅ ብለዋቸው ነገሩ በሽማግሌ ተይዟል። ከእኔ ሌላ የሰማ የለም። አቶ ገመዳ «ከገበያው ዳር ነጋዴው ቤት እደር» ብለው ልከውብኛል። ወደ ቤታቸው አለመጥራታቸው ቅር ብሎኛል።

ቅዳሜ፣ ጠዋት አንድ ሰዓት

አንድ ብር ከፍዬ የጭነት መኪና ላይ፣ በጨው ጆንያ መካከል ተቀመጥኩ። ደብተሬን ዘርግቼ የሰኞን ትምህርት አዘጋጀሁ። «ራይት» የሚባለው የእንግሊዝኛ ቃል አራት ትርጉም አለው፤ ቀኝ፣ ትክክል፣ ወዲያው፣ መብት። መንገዱ ሲያልቅ ወርጄ አምስት ሰዓት ጭቃ ረገጥኩ። ግራና ቀኙ ገና ያላሸተ ገብስ ነው።

አስር ሰዓት

ዲክሲስ ስገባ ዝናብ ያዘኝ። የግራዝማች አሽከር ጃንጥላ ይዞ መንገድ ላይ ጠበቀኝ።

«የተማረ ሰው ዝናብ ላይ ይቆማል? እስኪያባራ ጌታዬ ቤት ይረፉ።»

ገባሁ። ጥብስ ቀረበ። ግራዝማች «ምን ታስተምራለህ፣ ልጄ?» አሉኝ። ይህን ጥያቄ እወደዋለሁ። ቀኝ እጄን አንሥቼ ጀመርኩ፤ ሁለተኛውንም ሦስተኛውንም ከነምሳሌው አስረዳሁ።

«ለአራት ነገር አንድ ቃል? እንግሊዝ ይህን ያህል ድሃ ነው እንዴ!» ብለው ሳቁ።

አራተኛውን ስናገር አጎረሱኝ። ዝናቡ ካባራ ቆይቷል፤ ልብ አላልኩም። እዚያው አደርኩ።

እሑድ፣ ሦስት ሰዓት

ሽማግሌዎቹ ጥድ ሥር ተቀምጠዋል። ቃሌን ልሰጥ ስነሣ አንደኛው «ባርሲሳ» አሉኝ፤ በኦሮምኛ አስተማሪ ማለት ነው። «ትናንት የማንን ቤት እህል ቀመስክ?»

«የግራዝማችን።»

«እንግዲያስ ተቀመጥ። ለእሱ ብትመሰክር ስለበላህ ነው እንላለን። በእሱ ላይ ብትመሰክር የበላኸውን ክደሃል እንላለን።»

«እኔ እኮ እውነቱን ነው የምናገረው!»

«ይሆናል። አፍህ ግን ተይዟል።»

ምስክር የለም ተብሎ አቶ ገመዳ በሳምንት ውስጥ እንዲለቁ ተወሰነ። ገብሱ ለግራዝማች ቀረ።

«አቶ ገመዳ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አልኳቸው።

«እኔስ ቤቴ ያልጠራሁህ ለምን መሰለህ? ይህን ሕፃን ልጅ ያውቀዋል» ብለውኝ በገብሱ ዳር ሄዱ።

ሰኞ፣ አሰላ

አራቱንም ትርጉም ሰሌዳ ላይ ጻፍኩ። ለአራተኛው ምሳሌ ሲጠይቁኝ ከዲክሲሱ ገብስ ሌላ አልመጣልኝም። እሱንም ለመናገር አፈርኩ። ማወቅና መጥቀም የተለያዩ መሆናቸውን የተማርኩት በሰው እርሻ ነው።

አንተም ሞክረው። በደንብ አውቀዋለሁ የምትለውን አንድ ቃል ምረጥ። ከዚያ፣ ቃሉ የሚለውን ነገር የተነጠቀ ሰው ፊት ቆመህ፣ ዓይኑን እያየህ ተርጉምለት።