ስምንት ዘፈን ከአጅማን

ከዚህ በፊት ምንም ጽፌ አላውቅም። የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው፤ ሰው ፊት መናገርም ያስፈራኛል። ግን «አራት ባልዲ» የተባለውን ባንድ የምንወድ ሰዎች በምንጻጻፍበት የስልክ ቡድን ላይ «አዲሱን አልበም እንዴት እንደሰማችሁት ጻፉ» ስለተባለ፣ የእኔን ልሞክር።

የምሠራው ዱባይ፣ አል ባርሻ፣ ሰው ቤት ነው። ማዳም የዋይፋዩን ቁጥር አትሰጥም። አልበሙ ከወጣ ሦስት ሳምንት ቢሆነውም አልሰማሁትም ነበር። አጅማን የምትኖረው ጓደኛዬ መሠረት «ነይ፣ አውርጄልሻለሁ» አለችኝ። ችግሩ፣ ዕረፍቴ እሑድ ብቻ ነው፤ እሑድ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን የመዘምራን ልምምድ አለብኝ። መሪያችን እህት ሰናይት ዘፈን የሚሰማ ሰው አታስዘምርም፤ አምና ሁለት ልጆች አስወጥታለች። እኔ ደግሞ በሳምንት አንድ ቀን ድምፄን የማወጣው እዚያ ብቻ ነው። ለእህት ሰናይት «ማዳም ከለከለችኝ» ብዬ ጻፍኩላት። ዋሸሁ።

ጠዋት 3 ሰዓት

ሜትሮ ውስጥ ነጠላ የለበሰች ሴት ባየሁ ቁጥር ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ። ዩኒየን ጣቢያ ወርጄ የአጅማን አውቶቡስ ያዝኩ፤ አሥራ ሁለት ድርሃም። ሻርጃ ላይ መንገዱ ተዘጋግቶ ስንቆም፣ የየፎቁን በረንዳ የሞላውን የተሰጣ ልብስ እያየሁ ሌላ ጭንቀት መጣብኝ። እዚህ አገር የመጀመሪያውን ዓመት ያለፍኩት በፊተኛው አልበማቸው ነው። አዲሱ ባይጥመኝስ?

አጅማን፣ 6 ሰዓት

መሠረት የምትኖረው ቤድ ስፔስ ነው፤ ስድስት አልጋ ባለበት ክፍል አንዱን አልጋ ተከራይታለች፤ አልጋዋን በአበባ መጋረጃ ጋርዳዋለች። ፓራታ የሚሉትን ቂጣ በእንቁላል በላንና አንድ ማዳመጫ ተካፍለን ጋደም አልን። የባንዱ ልጆች እንደ ድሮው በባልዲ ምት ጀመሩ። አምስተኛው ዘፈን ላይ ግን ሁሉም መሣሪያ ዝም አለ፤ ዘፋኟ ልጅ ብቻዋን ቀረች፤ አንዱን ቃል እየጎተተች እየጎተተች፣ መጨረሻ ላይ ሲኒ የሚያስቀምጥ ሰው ድምፅ ተሰማ። እዚያው ስቱዲዮ ውስጥ የተቀመጥኩ መሰለኝ። ዓይኔን በእጄ ሸፈንኩ።

«አልቅሺ እንጂ፣ መጋረጃው ለምን ተሰቀለ?» አለችኝ መሠረት።

ስምንቱንም ስልኬ ላይ ጫነችልኝ።

ሮላ፣ 9 ሰዓት ተኩል

የዱባዩ አውቶቡስ ሞልቶ ስለነበር በሻርጃ በኩል፣ ሮላ መናኸሪያ ላይ ልቀይር መጣሁ። ማዳመጫዬን ጆሮዬ ውስጥ አድርጌ ወረፋ ይዤ ሳለሁ አንድ እጅ ትከሻዬን ነካኝ። እህት ሰናይት ነበረች፤ የጨርቅ ጥቅል ታቅፋለች።

«ማዳምሽ ወደ ሻርጃ ተዛወረች እንዴ?»

አንዱን ማዳመጫ ከጆሮዬ አወጣሁ።

«ዛሬ ልምምድ የለም። የመዘምራን ልብስ ልገዛ ነው የመጣሁት። ብትደውዪ እነግርሽ ነበር።»

አውቶቡሱ ላይ አጠገቤ ተቀመጠች። «ምንድን ነው የምትሰሚው?»

መዝሙር ነው ልላት አፌን ከፈትኩ። አልወጣልኝም። «ዘፈን ነው» አልኳት። «ማዳምም አልከለከለችኝም።»

«አምጪው።»

አንዱን ማዳመጫ ሰጠኋት። ከሮላ እስከ ዩኒየን ጥቅሉን እንደታቀፈች ፊት ለፊት እያየች አዳመጠች። እኔ አንዱንም ዘፈን አልሰማሁም፤ የልቤን ምት ነበር የምሰማው። ስንወርድ ማዳመጫውን በነጠላዋ ጠርጋ መለሰችልኝና ወደምትሠራበት ሆቴል፣ ወደ አል ጋርሁድ፣ በሌላኛው አቅጣጫ ሄደች። ደህና ሁኚም አላለችኝ።

አል ባርሻ፣ 12 ሰዓት

ማዳም «ያላ፣ ልጆቹ አልበሉም» አለችኝ። ሩዝ እያጠብኩ ከመዘምራን መውጣቴን ለመሠረት እንዴት እንደምነግራት አሰብኩ። ቀኑን ሙሉ ያስጨነቀኝ ዘፈኑ እንዳልነበረ የገባኝ ያኔ ነው፤ ያስጨነቀኝ ያቺ የጻፍኳት መልእክት ነበረች። ዘፈኑን ብተወውም ባልተወውም፣ እንደዚያ ያለ ነገር ሁለተኛ አልጽፍም።

ስልኬ ጮኸ፤ የእህት ሰናይት የድምፅ መልእክት ነው። እጄን እንኳ ሳልጠርግ ከፈትኩት።

«ብርቱካን፣ ስለ ውሸቱ እሑድ እንነጋገራለን። ዘፈኑንም አልፈቀድኩም። ግን አምስተኛው ላይ፣ ያቺ ልጅ ያን ሁሉ ስትጎትት ትንፋሽ የምትወስደው የቱ ጋ ነው? ሦስት ጊዜ ጠብቄ አመለጠኝ። ስልክሽን ቻርጅ አድርገሽ ነይ።»